ስፕሊት ኤር ኮንዲሽነር ሲያስቸግር፦ ለጎንደር ቤቶችና ቢሮዎች ችግርና መፍትሄ

በጎንደር ስፕሊት ኤር ኮንዲሽነር (አንዱ ክፍሉ ቤት ውስጥ፣ ሌላው ውጭ የሚቀመጥ ማቀዝቀዣ) በብርቱ የሚፈለገው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ደረቅና ሞቃት ወራት፣ በተለይም በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተብዬ ከተጠራሁባቸው ቤቶችና ቢሮዎች በአብዛኞቹ ያገኘሁት ጥፋት የማሽኑ አልነበረም፤ ማሽኑ በተመረጠበት ወይም በተገጠመበት ዕለት የተሠራ ስህተት ነበር።

ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ከሰዓት በኋላ ግን አቅም ያንሰዋል

በመጀመሪያ ቀና ብለው ጣሪያውን ይመልከቱ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ፀሐይ በበረታች ጊዜ ከላይ እንደ ምጣድ ስለሚግል፣ ማሽኑ የሚያወጣውን ቅዝቃዜ ጣሪያው መልሶ ይውጠዋል። በዚህ ጊዜ ትልቅ ማሽን ከመግዛት ይልቅ ኮርኒስ ማሠራትና በምዕራብ በኩል ላለው መስኮት ወፍራም መጋረጃ ማድረግ ይበጃል።

ጣሪያው ደህና ከሆነ ደግሞ መጠኑ ይታይ። በተለምዶ ለ15 ካሬ ሜትር ክፍል 9,000፣ ለ20 ካሬ ሜትር 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ይበቃል ይባላል። ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው የሚያንቀሳቅሰው አየር የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ክፍሉ በሁለት መጠኖች መካከል ከዋለ ትልቁን መምረጥ ተገቢ ነው። ከዚያ አልፎ እጥፍ መግዛት ግን ማሽኑን ቶሎ ቶሎ እያጠፋና እያበራ ኮምፕሬሰሩን (ጋዙን የሚጨምቀውን ሞተር) ያደክማል።

ለወራት ሠርቶ ደከመ፣ በቱቦው ላይም በረዶ ታየ

አስቀድመው የቤት ውስጡን ክፍል ማጣሪያ አውጥተው ይጠቡ፤ በበጋው አቧራ የተደፈነ ማጣሪያም በረዶ ያስይዛልና። ከታጠበ በኋላም ካልተሻለው ብዙውን ጊዜ ጋዙ ጎድሏል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የኤር ኮንዲሽነር ጋዝ እንደ ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ስለሚዞር ከጎደለ ሾልኳል። በየዓመቱ «ጋዝ ሙላልኝ» ማለት ለአንድ ቀዳዳ ደጋግሞ መክፈል ነው።

የሚሾልከው በአብዛኛው የመዳብ ቱቦው ጫፍ እንደ ጡሩምባ አፍ ተከፍቶ በዳዶ ከሚታሰርበት ቦታ ነው። የሳሙና አረፋ ቀብተው የሚፈላውን ቦታ ይፈልጉ፤ ከዚያም የቀረው ጋዝ በመሣሪያ ተሰብስቦ፣ ጫፉ ተቆርጦ እንደገና እንደ ጡሩምባ አፍ ይከፈትና ይታሰር። ከታሰረ በኋላ ቱቦው በግፊት ተሞልቶ የሚደረገው ፍተሻ በናይትሮጅን ብቻ ይደረግ፤ ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከርም።

ቀጥሎ ቱቦው አየሩንና እርጥበቱን መጥጦ በሚያወጣ ቫኪዩም ፓምፕ ይደርቅ። አንዳንዶች ጊዜ ለመቆጠብ ጥቂት ጋዝ ለቅቀው አየሩን በመግፋት ብቻ ያልፉታል፤ በውስጥ የሚቀረው እርጥበት ግን ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይፈጥርና ኮምፕሬሰሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ለባለሙያዎች አንድ ነገር ላስታውስ፦ በጎንደር የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ የተለመደው ባለ መርፌ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) አየሩ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ (በሙሉ ቫኪዩም) ላይ የሚያሳየው ከዜሮ በታች 0.78 ባር ገደማ እንጂ 1 ባር አይደለም። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ፓምፕ ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል። ጋዙም በግምት ሳይሆን በማሽኑ ላይ በተጻፈው ግራም መሠረት በሚዛን ይሞላ፤ አር-410ኤ የተባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ የሁለት ጋዞች ድብልቅ ስለሆነ በፈሳሽነቱ ይገባል።

ማታ ማታ አልነሳም ይላል

መብራት በሚደክምበት ሰዓት ኮምፕሬሰሩ ሲያጉረመርም ቆይቶ ከጠፋ፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ቮልቴጁን ያስለኩ። 220 አካባቢ መሆን ሲገባው እጅግ ከወረደ፣ ምክንያቱ የመስመሩ ድካም ወይም የራስዎ ሽቦ ቅጥነት ሊሆን ይችላል። ለ12,000 ቢቲዩ ማሽን ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ መሰካት እሳት መጋበዝ ነው። መስመሩ ራሱ ደካማ ከሆነ የኮምፕሬሰሩን መነሻ ጉልበት የሚችል ስታቢላይዘር (የቮልቴጅ ማስተካከያ) ይግባለት።

ውሃ በግድግዳው ላይ ይወርዳል

የውሃ መውጫው ቱቦ ወደ ታች አላዘነበለም፣ ታጥፏል ወይም በቆሻሻ ተደፍኗል። የቤት ውስጡን ክፍል በውሃ ልክ አስተካክለው ቱቦውን ያለ እጥፋት ወደ ውጭ ያዘንብሉት።

የውጭው ክፍል ይንቀጠቀጣል

በጭቃ ቤት ላይ ከሆነ መደገፊያውን ደጋግሞ ማጥበቅ ዋጋ የለውም፤ ጭቃው ብሎን አይዝም። ከክረምት ጎርፍ ከፍ ያለ ትንሽ የሲሚንቶ መደብ መሬት ላይ ሠርተው፣ ከሥሩ ጎማ አድርገው፣ ጀርባውን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቀው ያስቀምጡት።