«ነገ ቢሮዬ ና» ብላችሁ ብቻ አትተዉት

አለቃ ከሆናችሁ ይቺን ልብ በሉ። ለሠራተኛችሁ «ነገ ጠዋት ቢሮዬ ና፣ የምንነጋገረው ነገር አለ» ብላችሁ ብቻ አትላኩ። እናንተ ስለ ዕረፍት ፈቃዱ ልታወሩት ይሆናል። እሱ ግን ሲገላበጥ ያድራል።

ለአእምሯችን ብዙ ጊዜ ከመጥፎ ዜና በላይ የሚከብደው ምን እንደሚመጣ አለማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሰዎችን የኮምፒውተር ጨዋታ እያጫወቱ እጃቸውን በኤሌክትሪክ ነዘር ያደርጓቸው ነበር። ጭንቀታቸው ጣሪያ የነካው እንደሚነዘሩ እርግጠኛ ሲሆኑ ሳይሆን ዕድሉ 50 በ50 ሲሆን ነው!

ጭንቀት ሲበረታ ደግሞ ከግንባራችን ጀርባ ያለው፣ የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል ይዳከማል። እና በማግስቱ ፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ጥሩ ሐሳብ ቢያጣ አትፍረዱበት።

መላው አንድ መስመር መጨመር ነው፦ «ስለ ሪፖርቱ ሠንጠረዥ ነው፣ 10 ደቂቃ ይበቃናል።» ጉዳዩ ከበድ ቢልም ርዕሱን ንገሩት። «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» የምትለዋ ግን ብቻዋን ከተላከች ጭራሽ ታስደነግጣለች። ቅዳሜና እሁድ ሊገባ ሲል ደግሞ ባትልኩት ይሻላል።