ጀርመን ውስጥ ጥገኝነት ተከልክለህ ፍርድ ቤት የምትሄደው እንዲህ ነው

ነጌቲቩ፣ ማለትም ጥገኝነት እንደተከለከልክ የሚነግርህ ደብዳቤ፣ የሚመጣው በቢጫ ፖስታ ነው። ፖስታውን እንዳትጥለው! ፖስተኛው በእስክሪብቶ የጻፈው ቀን እሱ ላይ አለ፤ የመክሰሻ ጊዜህ የሚቆጠረው ከዚያ ነው እንጂ ደብዳቤው አናት ላይ ከታተመው ቀን አይደለም። «ፖስታውን አልወሰድኩም» ማለትም አያዋጣም፤ የመጀመሪያ መቀበያ ካምፕ ውስጥ ካለህ ለካምፑ በተሰጠ ቢበዛ በ3ኛው ቀን እንደደረሰህ ይቆጠራል።

ቀጥሎ የደብዳቤውን የመጨረሻ ገጽ አስነብብ። የት ፍርድ ቤትና በስንት ቀን ውስጥ መክሰስ እንዳለብህ እዚያ ተጽፏል። አብዛኛውን ጊዜ 2 ሳምንት ነው። ማክሰኞ ከደረሰህ በ2 ሳምንቱ ማክሰኞ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል። ጥያቄህ «መሠረት የሌለው መሆኑ ግልጽ ነው» ከተባለ ወይም በደብሊን (ጉዳይህን የትኛው የአውሮፓ አገር እንደሚያይ በሚወስነው ደንብ) ወደ ሌላ አገር ሂድ ከተባልክ ግን ያለህ 1 ሳምንት ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው፤ በነዚህ ጉዳዮች ክሱ ብቻውን መባረርን አያስቆምም፣ አይልአንትራግ የሚባለውን አስቸኳይ ማመልከቻ በዚያው ሳምንት አብረህ ማስገባት አለብህ። ሕጉ ስለሚቀያየር እኔ ከጻፍኩት ቁጥር ይልቅ ያንተ ገጽ ላይ ያለውን እመን።

ጠበቃ ፍለጋ ስትሯሯጥ ቀኑ እንዳያልፍብህ። በዚህ ደረጃ ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ደብዳቤውንና ፖስታውን ይዘህ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ሬሽትስአንትራግሽቴለ ወደሚባለው ክፍል ሂድ፣ ክሱን ይጽፉልሃል፤ ምክር ግን አይሰጡም። በፖስታ ከላክህ ፈርምበት፣ በቀኑ መላኩ ሳይሆን መድረሱ ነው የሚፈለገው። ተራ ኢሜይል አይሠራም። የፍርድ ቤት ክፍያ የለም፣ ጠበቃ ግን ያስከፍላል። ጉዳይህ ተስፋ ካለው ፕሮዘስኮስተንሂልፈ የሚባለውን የጠበቃ ወጪ ድጋፍ ጠይቅ።

ክሱ ገባ። ምክንያቱን ለማስረዳት ደብዳቤው ከደረሰህ ቀን ጀምሮ 1 ወር አለህ፣ ዋናው ሥራም ይኼ ነው። «ታሪኬ እውነት ነው» ብሎ መጻፍ የትም አያደርስም። ባምፍ (ጥያቄህን የከለከለው የስደተኞች መሥሪያ ቤት) ያላመነህ የቱ ጋ እንደሆነ አንድ በአንድ አስምር፣ ከዚያ የኢንተርቪውህን ፕሮቶኮል (የሰጠኸው ቃል የተጻፈበትን መዝገብ) ጀርመንኛ ከሚችል ሰው ጋር ቁጭ ብለህ አንብብ። እኛ ላይ የሚደርሰው ስህተት የታወቀ ነው፤ ሰዓትና ዘመን። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጡብኝ» ብለህ ፕሮቶኮሉ ላይ ምሽት 8 ሰዓት ተብሎ ታገኘዋለህ፣ አንተ ያልከው ግን በፈረንጆቹ ሌሊት 2 ሰዓት ነው። «በ2013 ታሰርኩ» ያልከው እንዳለ 2013 ሆኖ ከገባ ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰዱህ ማለት ነው። ሌላ ገጽ ላይ በትክክል ተቀይሮ ሲገኝ «ቃሉ ይጋጫል» ይሉሃል። እንዲህ ያለውን ገጹን እየጠቀስክ አስተካክል። መጥሪያም ሆነ የሐኪም ወረቀት ካለህ አስተርጉመህ አያይዝ። የሌለህን ግን አታሠራ፤ አንድ ፎርጅድ ወረቀት እውነተኛውንም ታሪክ ይዞት ይወድቃል።

ከዚያ መጠበቅ ነው፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ። አድራሻ ከቀየርክ ለፍርድ ቤቱም ለባምፍም ለውጭ ዜጎች ቢሮም ራስህ አሳውቅ፤ አንዱ ለሌላው ይነግረዋል ብለህ አትቀመጥ።

ችሎቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው አንድ ዳኛ ነው። አስተርጓሚውን የሚያመጣው ፍርድ ቤቱ ነው። ካልተግባባችሁ ወዲያው ተናገር፣ ሰውየው ቅር ይለዋል ብለህ ይሉኝታ እንዳይዝህ። ያላስታወስከውን አላስታውስም በል። ዳኛው ቃልህን አሳጥሮ ሲያስመዘግብ ተተርጉሞ እንዲነገርህ ጠይቅ፣ ያላልከው ነገር ካለበት እዚያው ይታረማል። መቅረት ግን አይታሰብም፤ በሌለህበትም ሊወስኑ ይችላሉ።

ከተፈረደብህ ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ለመሄድ መጀመሪያ ፈቃድ ትጠይቃለህ፣ ጊዜው 1 ወር ነው፣ እዚህ ጋ ያለ ጠበቃ አይቻልም። በሩም ጠባብ ነው፤ «ዳኛው አላመነኝም» ማለት ብቻውን አያስገባም።