መኖው ቢጫ ሆኗል? ዩሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩን እዩ

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው ቀይ አፈር ላይ የተዘራ ቬች ወይም አልፋልፋ የተባለ የመኖ ተክል ወር ተኩል ገደማ ሲሆነው የታች ቅጠሉ ይገረጣል፣ ባለበትም ይቆማል። የናይትሮጅን እጥረት ነው። ዩሪያ ቢጨመር ለጊዜው ይለመልማል፤ ሥሩ ግን እጢ፣ ማለትም ናይትሮጅን ከአየር የሚይዝ ባክቴሪያ የሚኖርበትን እብጠት፣ ማበጀቱን ይተዋል፣ ከአየር በነጻ የሚገኘው ናይትሮጅንም ይቀራል።

ስለዚህ ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ተክል በዶማ ከነጓሉ አንሱ። በእጅ ከመዘዛችሁት እጢው አፈር ውስጥ ይቀራል። ጓሉን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አፈሩ ሲለቅ እጢውን በምላጭ ሰንጥቁት። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ካለ እየሠራ ነው።

እጢ ጨርሶ ከሌለ ለተክሉ የሚሆን ባክቴሪያ መሬቱ ውስጥ የለም። ለባቄላ የተዘጋጀው ሕያው ማዳበሪያ (ባክቴሪያው ያለበት ዝግጅት) ለቬች ይሆናል፤ አልፋልፋ ግን የራሱን ይፈልጋል። ዘሩን በስኳር ውሃ አርጥቡ፣ ጥላ ሥር ከሕያው ማዳበሪያው ጋር ለውሱ፣ በዚያው ቀን ዘርታችሁ ወዲያው አፈር አልብሱት። ፀሐይም ሆነ ከኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ድኝ ካለበት ማዳበሪያ) ጋር መቀላቀል ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

እጢው ጥቃቅንና ውስጡ ነጭ፣ ግንዱ ወይን ጠጅ ከሆነ የጎደለው ፎስፎረስ ነው። በአሲዳማ ቀይ አፈር ብረትና አልሙኒየም ጨምድደው ይይዙታል። ስትዘሩ በሄክታር 100 ኪሎ ኤንፒኤስ፣ ለአንድ ጥማድ 25 ኪሎ፣ ከዘሩ ጥቂት ጣት አርቃችሁ በመስመር አድርጉ። ፒኤቹ (የአፈሩ አሲዳማነት መለኪያ፣ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከሆነ ግን ኖራ ይቅደም፤ መጠኑን የአፈር ምርመራው ይወስነዋል። ከዘር አንድ ወር ቀድማችሁ በትናችሁ በማረሻ ከአፈሩ ጋር አዋህዱት፤ ላዩ ላይ የቀረ ኖራ ለሥሩ አይደርስም። አልፋልፋ ፒኤቹ ከ6 በታች ከሆነ አይመቸውም።

ኖራ ካልተገኘ ግብጦን አስቡ። የሜጫ ገበሬ በተጎዳ መሬት ላይ የሚዘራው በከንቱ አይደለም፤ ሥሩ የሚያመነጨው አሲድ የታሰረውን ፎስፎረስ ይፈታል። መራራውን ግብጦ ግን እንዳለ ለከብት አትስጡ፣ ይመርዛል።

እጢው ግራጫ፣ ሥሩ ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ፣ ፎገራ ዋልካ ላይ እንደሚታየው፣ ውሃ ተኝቶበት አየር አጥቷል። ማዳበሪያ አያድነውም። ቦይ ቅደዱ፤ ወይም ውሃው ሲሸሽ፣ ጓያ በሚዘራበት ሰሞን፣ በቀሪው እርጥበት ቬች ዝሩ።