ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያመለክቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም የከፋው ስህተት ዩኒቨርሲቲን በስሙ ብቻ መምረጥ ነው። በእነዚህ ተቋማት የአንድ ዓመት የትምህርት፣ የመኖሪያና የምግብ ወጪ ከ80,000 ዶላር በላይ ስለሚደርስ፣ ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተሰብ ወሳኙ ጥያቄ ተቋሙ የውጭ አገር አመልካችን የመክፈል አቅም እንዴት ያየዋል የሚለው ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ ዳርትመዝና ቦውዶይን፣ አመልካቹን ለመቀበል ወይም ላለመቀበል የሚወስኑት መክፈል ይችል እንደሆነ ሳያዩ ነው፤ ስታንፎርድ፣ ኮሎምቢያና ኮርኔል ግን የውጭ ዜጋው ድጋፍ መጠየቁን በውሳኔያቸው ውስጥ ያስገቡታል።

ይህን የሰሙ አንዳንድ አመልካቾች ዕድላቸውን ለማስፋት «የገንዘብ ድጋፍ አልጠይቅም» የሚለውን ይመርጡና ከገቡ በኋላ ለመጠየቅ ያስባሉ። በብዙዎቹ ተቋማት ሲያመለክት ያልጠየቀ የውጭ አገር ተማሪ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ሊጠይቅ አይችልም፤ ወጪው በምን እንደሚሸፈን ካልተረጋገጠም ዩኒቨርሲቲው ኤፍ-1 ለተባለው የተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ሰነድ አይሰጥም።

የቤተሰብን ሀብት አጋንኖ ማሳየትም እንዲሁ ጎጂ ነው። በአገራችን ለቪዛ ሲባል ከዘመድ ተበድሮ የባንክ ሂሳብን ማሳበጥ የተለመደ በመሆኑ፣ ወላጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለውን የድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ ሲሞሉም በዚያው ልማድ ይሄዳሉ። ቅጹ የሚፈልገው ግን እውነተኛውን ገቢ፣ ወጪውንና ቤተሰቡ የሚያስተዳድራቸውን ሰዎች ቁጥር ነው። ሂሳቡ ውስጥ ለአንድ ወር ያረፈ የአጎት ብር የቤተሰቡ ሀብት ተደርጎ ሊቆጠርና ድጋፉን ሊቀንስ ይችላል፤ ከደመወዝ ማስረጃው ጋር ሲጋጭ ደግሞ የአመልካቹን ታማኝነት ጥያቄ ውስጥ ይከታል። አባት ነጋዴ ሆነው የደመወዝ ደብዳቤ ከሌላቸው፣ የግብር ደረሰኝና የዓመቱን ገቢ በግልጽ የሚያስረዳ ደብዳቤ ማያያዝ ይሻላል።

በውጤት ብቻ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» መጠበቅም ያሳስታል። እነ ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን የሚገኙበት አይቪ ሊግ የተባለው ቡድን ስምንቱ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጤትም ሆነ ለስፖርት ችሎታ ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ የሚሰጡት ድጋፍ የቤተሰብን አቅም የተከተለ ነው። የማመልከቻ ክፍያው በዶላር ስለሆነ ብቻ ተስፋ የሚቆርጡም አሉ፤ አቅም እንደሌላቸው ገልጸው ከክፍያው ነጻ እንዲደረጉ ብዙዎቹን ተቋማት መጠየቅ ይችላሉ።

በመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ላይ የሚፈጸመው ስህተት በተለይ ያሳዝናል፤ ተማሪውን በቅርብ የሚያውቁት መምህር እያሉ ክብር ይጨምራል ተብሎ ባለሥልጣን ይፈለጋል፣ አለዚያም ተማሪው ራሱ ጽፎ መምህሩን ያስፈርማል። «ጎበዝ፣ ጨዋና ታታሪ ነው» የሚል ደብዳቤ ስለማንም ሊጻፍ ይችላል። የፊዚክስ መምህሯ ግን፣ ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ተማሪዋ ከአሮጌ ሬዲዮ በፈታችው ሽቦ ሰርኪዩት ሠርታ ለክፍሉ እንዳስረዳች ቢጽፉ፣ ያ ደብዳቤ የእሷ ብቻ ይሆናል። እንግሊዝኛው ያልተዋበ ቢሆንም ግድ የለም።

ኮመን አፕ የተባለው፣ ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድነት የሚያገለግለው የኢንተርኔት ማመልከቻ ቅጽ ከትምህርት ውጭ የሚሠሩ አሥር ተግባራትን ለመዘርዘር ቦታ ሲሰጥ፣ ብዙ ልጆቻችን የክለብ ሰርተፍኬት የለኝም ብለው ባዶውን ይተዉታል። ከትምህርት መልስ በእናት ሱቅ መሸጥ፣ ታናናሾችን መንከባከብ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማር ሁሉም ይቆጠራል፤ ቅጹ ራሱ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ምድብ አለው። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድ በእውነት ይጻፍ። እስከ 650 ቃላት የሚፈቀድለትን ድርሰት ደግሞ የችግር ዝርዝር ብቻ ማድረግ አይገባም፤ አንባቢው ተማሪው እንዴት እንደሚያስብ ማየት ይፈልጋል።

ስምና ቀን ቀላል ቢመስሉም ጣጣ ያመጣሉ። የአባትና የአያት ስም በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና ኤስኤቲ በተባለው የመግቢያ ፈተና ላይ በተለያየ የላቲን አጻጻፍ ከተመዘገበ ሰነዶቹ ላይገናኙ ስለሚችሉ፣ ሁሉም ፓስፖርቱን ይከተሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ቀንና የትምህርት ዘመንም ወደ ጎርጎርዮሳዊው ይለወጥ። ለቀደምት ማመልከቻ የተለመደው የኖቬምበር 1 መዝጊያ ጥቅምት 22፣ ለመደበኛው የተለመደው ጃንዋሪ 1 ደግሞ ታኅሣሥ 23 ገደማ ስለሚውል፣ ደብዳቤና ትራንስክሪፕት ትምህርት ቤት እንደተከፈተ በመስከረም መጠየቅ አለባቸው።