ጊታር ቁም ሳጥን አይደለም፦ የእንጨት ቀዳዳ ሲደፈን የሚሠሩ ስህተቶች

ፒያሳ አካባቢ እንጨት ሥራ የተማረ ሰው ጊታር መሥራት ሲጀምር እጁ የሚያውቀው ቁም ሳጥንና አልጋ ነው። እኔም የመጣሁት ከዚያው ስለሆነ ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ። የስንፍና አይደሉም፤ የቤት ዕቃ ልማድ ናቸው። ቁም ሳጥን ግድግዳ ተደግፎ ይኖራል። ጊታር ግን ደረት ላይ ታቅፎ በመድረክ መብራት ሥር ይታያል፤ መብራት ደግሞ ምንም አይደብቅም።

የመጀመሪያው ስህተት እንጨትን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት ነው። ዋንዛ፣ ማሆጋኒና ሮዝውድ ሲላጉ በመርፌ የተጫሩ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ይታዩባቸዋል። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውኃ ያመላለሰባቸው ቧንቧዎች ናቸው። ሳይደፈኑ ቫርኒሽ ቢቀባባቸው ቫርኒሹ ሲደርቅ እየተሸበሸበ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የሜፕል ቀዳዳ ግን እጅግ ደቃቅ ስለሆነ መደፈን አያሻውም፤ ዝግባና ስፕሩስ ደግሞ እንዲህ ያለ ቧንቧ ጭራሹን የላቸውም። ስለዚህ የጊታሩ ፊት ስፕሩስ ከሆነ መድፈኛ አያስነኩት። ድምፁ የሚወለደው ከዚያ ስስ ገበታ ንዝረት ነው፤ በላዩ የሚጫንበት ነገር ሁሉ ያፍነዋል።

ሁለተኛው በጣም ያስከፈለኝ ነው፦ ሰጋቱራ በነጭ ኮላ ለውሶ መድፈን። ለበር ስንጥቅ ያገለግላል፤ ርካሽም ነው። የመጀመሪያ ጊታሬን የዋንዛ ጀርባ በዚህ ደፈንኩትና ለስላሳ ሆነልኝ። ማቅለሚያውን ስቀባው ግን ጀርባው የነብር ቆዳ መሰለ። የደረቀ ነጭ ኮላ ማቅለሚያ አይጠጣም፤ ኮላ የነካው ሁሉ ገርጥቶ ቀረ። እንደ ጠረጴዛ በመላጊያ ገፍቼ እንዳላድሰው ደግሞ የጊታር ጀርባ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ መድፈኛ ይጠቀሙ፤ ቀለሙ ከእንጨቱ ትንሽ ጠቆር ይበል። ነጣ ያለ መድፈኛ ቀዳዳው ውስጥ አቧራ የገባ ያስመስላል። አስቀድመው በቁራጭ እንጨት ላይ ይሞክሩት፤ ሙከራው ቫርኒሹ ተቀብቶ እስኪደርቅ ድረስ ይሂድ።

መድፈኛውን በእንጨቱ መስመር ተከትሎ መጥረግም የተለመደ ነው። በዚያ አቅጣጫ የተጠረገ መድፈኛ ከገባበት ተመልሶ ይወጣል። መስመሩን አግድም ወይም ሰያፍ እያቋረጡ፣ ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ጠርዝ ይጫኑት፤ ትርፉንም እርጥብ እንዳለ ይግፈፉት። ዓላማው መድፈኛ ቀዳዳ ውስጥ ብቻ እንዲቀር ነው፤ እንደ ስቱኮ ፊቱን ሁሉ እንዲሸፍን አይደለም። ኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል የሚጠነክር ሙጫ) የሚጠቀም ሰው ይህን ቸል ካለ ትርፉን ሲፍቅ ይውላል። ከመድፈንዎ በፊት በቁጥር 180 ወይም 220 ብርጭቆ ወረቀት አሽተው ብናኙን በብሩሽ ያውጡ፤ ቀዳዳው በብናኝ ከተሞላ መድፈኛው የሚይዘው ነገር አያገኝም።

መቸኮልም አለ፤ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ። በዘይት የተለወሰ መድፈኛ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ቫርኒሽ ከተደረበ ከሳምንታት በኋላ፣ ጊታሩ ገዢው ቤት ከገባ ወዲያ፣ ቀዳዳዎቹ እንደገና ብቅ ይላሉ። ከሰል አጠገብ አቁሞ ማድረቅ ደግሞ የባሰ ነው፦ ሙቀቱ የተጣበቀውን መገጣጠሚያ ያላላል፤ የማቅጠኛው ትነትም እሳት ይስባል። ዋንዛ አንድ ጊዜ ተደፍኖ አይበቃውም፤ ሁለትና ሦስት ዙር ይጠይቃል። ማረጋገጫው ከመስኮት በጎን የሚገባ የጠዋት ብርሃን ነው፤ ከላይ የሚወርድ አምፖል ጉድለቱን ይሸፍናል።

የጊታሩ ፊት ራሱ ማሆጋኒ ሆኖ የሚደፈን ከሆነ፣ ድልድዩ (ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት) የሚጣበቅበትን ቦታ አስቀድመው በፕላስተር ሸፍነው ይተዉት። የብረት ክር ያለው አኩስቲክ ጊታር ክሮቹ በድምሩ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባሉ፤ ያን የሚችለው እንጨት ከእንጨት ጋር ሲጣበቅ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ከጊታሩ ውጪ ነው። መድፈኛው የተልባ ዘይት ካለበት፣ የጠረጉበትን ጨርቅ ጠቅልለው ጥግ አይጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። አንድ በአንድ ዘርግተው ውጭ ያስጡት።