ከድሮ ካሴት ላይ የሬዲዮ ማስታወቂያ እንዴት ይወጣል?

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ወዳለችው የጥገና ክፍሌ ካሴት ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ የሚለኝ ተመሳሳይ ነው፤ «ዘፈኑን ወደ ፍላሽ ገልብጥልኝ፣ ማስታወቂያውን ግን ቁረጠው።» እኔ ደግሞ ዓይኔ ያለው ማስታወቂያው ላይ ነው። ዘፈኑ ታትሞ ተሸጧል፣ ዛሬም በየስልኩ ይደመጣል። በሁለት ዘፈኖች መካከል ሾልኮ የገባው የሳሙና፣ የሎተሪ ወይም የፍራሽ ማስታወቂያ ግን የቀረው እናንተ ቤት አልጋ ሥር በተወሸቀው ካሴት ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ምሽት ምሽት እየተደጋገመ ያሰለቸን ነገር ዛሬ ተፈልጎ የማይገኝ ሆኗል። ማውጣት ለሚፈልግ ሰው ዘዴው ይኸውና።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሙሉ ማስታወቂያ ከአንድ ካሴት ላይ ማግኘት ዘበት ነው። የሚቀዳው ሰው ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ዘፈኑን ይጠብቃል፤ አስተዋዋቂው ገና አድራሻ እየተናገረ ቸኩሎ ይጫነዋል፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ለማጥፋት ይዘገያል። ስለዚህ ከዘፈን በፊት የምታገኙት የአንዱን ማስታወቂያ ጭራ፣ ከዘፈን በኋላ ደግሞ የሌላውን ራስ ነው። ደግነቱ ያው ማስታወቂያ ለወራት በየምሽቱ ይመላለስ ስለነበር የእናንተ ካሴት ራሱን ቢይዝ የጎረቤታችሁ ጭራውን ይይዛል። ያ ያማረረን ድግግሞሽ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንገጣጥመው ነገር ባልኖረ ነበር። እናም በአንድ ቤት ካሴት አትወሰኑ፤ ከሰፈሩ ሁሉ ሰብስቡ።

ስትሰበስቡ የዘፈን ካሴት ብቻ አትምረጡ። የሠርግ፣ የስብከትና የመንዙማ ካሴቶች ብዙ ጊዜ ቀድሞ ሬዲዮ በተቀዳበት ካሴት ላይ ደርበው የተቀዱ ናቸው፤ አዲሱ ቅጂ ሳይሸፍነው የቀረው መጨረሻ ላይ የድሮው ሬዲዮ ይሰማል። ከላይ በኩል ያሉት ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ተሰብረው ቀዳዳው በፕላስተር የተሸፈነ ካሴት ካያችሁ ሳታቅማሙ ያዙት፤ አንድ ሰው ታትሞ የተሸጠ ካሴት ላይ ሬዲዮ ቀድቶበታል ማለት ነው። እናንተ ግን ጥርሱን ስበሩ፣ ፕላስተሩንም አንሱ፤ በስህተት ደርባችሁ እንዳትቀዱበት። የ60 እና የ90 ደቂቃ ካሴት ጠንካራ ነው። የ120ው ክር ቀጭን ስለሆነ ወደፊትና ወደኋላ በፍጥነት አታሩጡት፤ ይለጠጣል፣ ይጠመጠማል።

የጅማ ክረምት ለካሴት አይራራም። በመስኮቷ አሾልቃችሁ ስታዩ በክሩ ጥቅል ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ወደ ቴፑ እንዳታስገቡት፤ ሄዱ (ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበው የቴፑ ክፍል) ላይ ተለጥፎ ተከትሎ የሚገባውን ደህና ካሴት ይበክላል። ፀሐይ በማያገኘው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ለቀናት አድርቁት። ከዚያ ከቤት ውጭ፣ አፍንጫና አፋችሁን ሸፍናችሁ፣ አምስቱን ብሎኖች በትንሽ ካቻቪቴ ፍቱና የጥቅሉን ጠርዝ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ከገጠማችሁት በኋላ ክሩን በቢክ እስክሪብቶ በእጃችሁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ አጠንጥኑት። ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫነው ትንሿ ስፖንጅ ሙጫዋ ደርቆ ከወደቀች ደግሞ ሁለቱን ጥቅሎች አውጥታችሁ ወደ ሌላ፣ ወደማትፈልጉት ካሴት ቤት አዛውሩ። ስፖንጅ ለመለጠፍ ከመታገል ይህ ይቀላል።

ቴፑን አዘጋጁ። ሄዱን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉ፤ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ውሃ ስላለበት እስኪደርቅ ጠብቁ። ክሩን የሚጎትተውን ጎማ ግን አልኮል እየደጋገማችሁ አታልብሱት፣ ይሰነጠቃል፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ይበቃዋል። ከሄዱ ጎን ያለችውን የማስተካከያ ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ቦታዋን በቀለም ምልክት አድርጉባት። አሁን ካሴቱን አጫውቱና በጣም በዝግታ፣ ጥቂት ወዲህ ጥቂት ወዲያ አዙሯት። የአስተዋዋቂው «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው የሚለዩበት ነጥብ ላይ ቁሙ። ካሴቶቹ በተለያየ ቴፕ ስለተቀዱ ይህን ለእያንዳንዱ ካሴት መድገም ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንኑ ሲሆን ድምፁ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚወጣ ሆኖ ይቀርባቸዋል።

ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ በገመድ አገናኙ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ሥሩ፤ ያ የሚያጉረመርመው የመብራት ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው። ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በ44,100 ኸርዝ፣ በ16 ቢት፣ በሞኖ ቅዱ፤ የድሮው ሬዲዮ በአንድ መስመር ስለነበር ስቴሪዮ ቦታ ከመያዝ ሌላ ጥቅም የለውም። የአንድ ሰዓት ቅጂ 320 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። በዋቭ ፋይል አስቀምጡ። ኤምፒ3 ለጓደኛ መላኪያ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም።

አሁን ስታዳምጡ አስተዋዋቂው ድምፁ ቀጥኖ እየተጣደፈ ሊያወራ ይችላል። ጥፋቱ የሰውየው አይደለም። በዚያን ጊዜ የቴፑ ድንጋይ እያለቀ ነበር፤ ሞተሩ ተዳክሞ ክሩን በዝግታ ስለጎተተው ዛሬ በትክክለኛው ፍጥነት ሲሄድ ይሮጣል። ማስተካከያውም ከድግግሞሹ ይገኛል። ያንኑ ማስታወቂያ በመብራት ከተቀዳ ሌላ ካሴት ላይ ፈልጉና ርዝመታቸውን አወዳድሩ። በደህናው 30 ሰከንድ የሆነው በሌላው 27 ሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ 90 በመቶ አውርዱ። ድምፁም አብሮ እንዲወፍር ፍጥነቱን ራሱን የሚቀይረውን ትእዛዝ እንጂ ርዝመቱን ብቻ የሚቀይረውን አትጠቀሙ።

ድምፁ ቀስ ብሎ ጠፍቶ ቀስ ብሎ ሲመለስ ደግሞ ክሩ ተበላሽቷል ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በቀን የመካከለኛ ሞገድን የሚውጠው የከባቢ አየር ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ይሳሳል፤ ያን ጊዜ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ ከሰማይ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ በመንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምትርቀው ጅማ ምሽት ላይ ጣቢያው ጎላ ብሎ የሚሰማው በዚህ ነው። ይሁን እንጂ ከሰማይ የሚመለሰው ሞገድ አንዳንዴ በሌላ መንገድ ከሚደርሰው ሞገድ ጋር ይጋጫል፣ ድምፁም ይዋዥቃል። የክር ጉዳት በድንገት ነው፤ ይቆርጣል፣ ይንተባተባል። የሰማዩ ግን እየሟሸሸ ሄዶ እየጎላ ይመለሳል። እሱን ተዉት፣ የዚያ ምሽት አካል ነው።

ድምፁን በኮምፒውተር ስታጸዱም እጃችሁ ይክበድ። የጩኸት ማጥፊያውን አብዝተው የሚጠቀሙ ሰዎች አስተዋዋቂውን ጉድጓድ ውስጥ ያስገቡታል። በተለይ ቴፑን ከሬዲዮው ፊት አስቀምጠው የቀዱ ቤቶችን ካሴት በዚህ ማጥፊያ ፈጽሞ አትንኩ። አንድ የሳሙና ማስታወቂያ ክፍሌ ውስጥ አለ፤ ከኋላው ዘነዘና ቡና ይወቅጣል፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዲት ሴት «ዝም አሰኙት፣ እየቀዳሁ ነው!» ብላ ትቆጣለች፤ ሳሙና ሻጩም ምንም እንዳልተፈጠረ «በጅምላና በችርቻሮ» እያለ ይቀጥላል። ከዚህ ውስጥ ዘነዘናውን ላጥፋ የሚል ሰው እኔ ዘንድ ሥራ አያገኝም።

ዓመቱን ለማወቅ ከምርቱ ይልቅ አድራሻውን አዳምጡ። «ከፋ ጠቅላይ ግዛት» ከተባለ ከአብዮቱ በፊት ነው፤ «ከፋ ክፍለ ሀገር» ከተባለ የደርግ ዘመን ነው። የአዲስ አበባ ስልክ በ01፣ የጅማ በ07 ተጀምሮ ስድስት አሃዝ ከተከተለ ከ1998 ዓ.ም. በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ 011 እና 047 ሆነው ሰባት አሃዝ ይከተላል። የሞባይል ቁጥር ከተነገረ ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ነው። «ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ» የሚል ካለ ከ1995 ዓ.ም. አይቀድምም። የጣቢያው ስም ከተሰማ ሥራው ቀለለ፤ ብሥራተ ወንጌል ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ብቻ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተከፈተው ኤፍኤም አዲስ 97.1 ከተሰማበት ደግሞ ካሴቱ አዲስ አበባ ተቀድቶ በአውቶቡስ የመጣ ነው፤ የከተማው ኤፍኤም በዚያን ጊዜ ጅማ አይደርስም ነበር።

ከሁሉም ካሴት የጠፋ ስንኝ ካለ ሰው ጠይቁ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ልጅ የነበረውን። ካሴት ላመጡልኝ አንዲት እናት የፍራሽ ማስታወቂያ አሰምቼ «እትዬ፣ መጨረሻው ምን ነበር?» ብላቸው «ልጄ፣ እኔማ ሬዲዮ ሲከፈት ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ፤ ታናሽ እህቴን ጠይቃት» አሉኝ። እህታቸው የልጅ ልጅ አይተዋል፤ ዜማውን ከነስልክ ቁጥሩ አወረዱት። ብዙ ሰው ስትጠይቁ ለየብቻ ጠይቁ። አብረው ከተቀመጡ ደፋሩ ይዘፍናል፣ ሌላው «አዎ፣ እንዲያ ነበር» ይላል። በቃል የተገኘውን በጽሑፍ ያዙት እንጂ ከካሴቱ ድምፅ ጋር አትቀጥሉት።

ለፋይሉ ስም ስትሰጡ የምርቱን ዓይነት፣ የካሴቱን ባለቤት ሰፈርና የካሴቱን ገጽ ጻፉ። ዓመቱ ካልታወቀ ቦታውን ባዶ ተዉት፤ ግምት አንዴ ከተጻፈ ሰው እንደ እውነት ይቀባበለዋል። ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ካሴቱንም ከገለበጣችሁ በኋላ አትጣሉት፤ ከድምፅ ማጉያና ከወለል እርጥበት አርቃችሁ፣ በቁሙ፣ ቁም ሣጥን ላይ አኑሩት። ነገ የተሻለ ቴፕ ያለው ሰው ይመጣ ይሆናል።