እሳት ማጥፊያው ለምን አልሠራም? ከግድግዳው ሲሊንደር እስከ እሳት አደጋ ስልክ 939 ድረስ ያሉ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ሕንፃ፣ ምድር ላይ ባለ ካፌ ወጥ ቤት ውስጥ እሳት ተነሳ። ከምድጃው አጠገብ የተከመረ ካርቶን ነበር የተቀጣጠለው። አንዱ አስተናጋጅ ሮጦ ባለ 6 ኪሎውን ቀይ ሲሊንደር ከግድግዳው አነሳ። ፒኑን ነቀለ፣ እጀታውን ጨመቀ። ፍስስ ብሎ አየር ብቻ ወጣ። እሳት የሚያጠፋው ዱቄት የሚባል ነገር የለም። ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ አረንጓዴ ላይ ነበር፤ «ተፈትሿል» የሚለው ወረቀትም ተለጥፎበታል። እሳቱን ያጠፋነው በባልዲ ውሃ ነው፤ ካርቶን ባይሆንና ዘይት ቢሆን ኖሮ ያም አይሆንልንም ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሕንፃውን እሳት ማጥፊያዎች በእጄ እያነሳሁ እፈትሻለሁ። እዚህ የምጽፈው በሥራው ላይ ደጋግመው ያጋጠሙኝን ችግሮች ነው።

ጌጁ አረንጓዴ ነው፣ ሲጨመቅ ግን አየር ብቻ ይወጣል

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ሰው የሚያምነው ጌጁን ነውና። ጌጁ ግን የሚለካው ግፊቱን ብቻ ነው። ውስጥ ያለው ዱቄት ይኑር አይኑር፣ ደህና ይሁን ይበላሽ አያውቅም።

ሲሊንደሩ ውስጥ ከአናቱ እስከ ግርጌው የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ። እጀታው ሲጨመቅ ጋዙ ዱቄቱን ወደ ታች ተጭኖ በዚያ ቱቦ ወደ ላይ ያስወጣዋል። ዱቄቱ ተጋግሮ ከጠጠረ ግን ጋዙ በመሐሉ ቀዳዳ ሠርቶ ብቻውን ይወጣል። የካፌው ሲሊንደር የሆነው ይኸው ነበር። ስናስከፍተው ዱቄቱ ግርጌው ላይ እንደ ኖራ ደርቆ አገኘነው።

የሚጋገረው በብዙ ምክንያት ነው። አንዱ እርጥበት ነው። ሲሊንደሩ ታጥቦ በደንብ ሳይደርቅ ከተሞላ፣ ወይም በክረምት ዱቄቱ ለአየር ተጋልጦ ከቆየ ውሃ ይስባል። ሌላው ንዝረት ነው። መኪና ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚንገጫገጭ ሲሊንደር ዱቄቱ ወደ ታች እየታመቀ ይሄዳል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ሁለት ዓይነት ዱቄት መቀላቀል። «ኤቢሲ» የሚባለው ዱቄት በዋናነት አሞኒየም ፎስፌት ነው። «ቢሲ» የሚባለው ደግሞ ባይካርቦኔት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ፣ በተለይ እርጥበት ካገኙ፣ እርስ በርስ ይሠራሉ። ጋዝና ውሃ ይፈጥራሉ፣ ዱቄቱም ይጠጥራል። የቀረውን አሮጌ ዱቄት ሳያወጡ በላዩ ላይ አዲስ መጨመር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለመፈተሽ መሣሪያ አያስፈልግም። ሲሊንደሩን አንስታችሁ ገልብጡት። ዱቄቱ ደህና ከሆነ በከረጢት ውስጥ እንዳለ ጤፍ ሲንሸራተት እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ካልተንቀሳቀሰ ሁለት ሦስቴ ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። አሁንም ዝም ካለ ወደሚሞላ ቦታ ይሂድ። በመዶሻ አትምቱት። ራሳችሁም እንዳትከፍቱት። የመኪና ጎማ ግፊት ከ2 እስከ 3 ባር ነው፤ እዚህ ውስጥ ያለው ከ12 እስከ 15 ባር ይደርሳል። አናቱ ተስፈንጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል።

ስታስሞሉ ደግሞ አስረክባችሁ አትሂዱ። ቁሙና እዩ። አሮጌው ዱቄት ከነጭራሹ ሲወጣ፣ አዲሱ ሲመዘን፣ ዓይነቱ ሲነገራችሁ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ወረቀት ብቻ ቀይረው የሚመልሱ አሉ፤ እኛም የደረሰብን እሱ ነው።

የጌጁ ቀስት ቀይ ላይ ወርዷል

ብዙ ጊዜ መነሻው «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው» ብሎ ትንሽ የጨመቀ ሰው ነው። ዱቄት ሲያልፍ ጥቂት ቅንጣት መዝጊያው ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ መዝጊያው በደንብ አይገጥምም፤ ጋዙ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ያልቃል። ስለዚህ ለአንድ ሰከንድም ቢሆን የተጨመቀ የዱቄት ማጥፊያ እንደ ባዶ ይቆጠር። ማስሞላት ነው።

ማንም ካልነካው የሳሙና አረፋ አንገቱና ጌጁ ዙሪያ ቀቡት። አረፋው ከተነፋ የሚያፈስበት ቦታ እሱ ነው።

ቀስቱ በተቃራኒው ከአረንጓዴው አልፎ ወደ ላይ ከሄደ፣ ወይ ከልክ በላይ ተሞልቷል ወይ ፀሐይ ላይ ነው። እንደ ሰመራና ድሬዳዋ ባለ ሙቀት የቆመ መኪና ውስጥ ይህ ይከሰታል። ጥላ ውስጥ አሳድሩት። ካልወረደ ይመለስ።

ጥቁር ጡሩንባ ያለው ማጥፊያ ጌጅ የለውም

ይህ ብልሽት አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ውስጡ ያለው ግማሹ ፈሳሽ ስለሆነ ግፊቱ ምን ያህል እንደቀረ አይናገርም። የሚታወቀው በሚዛን ብቻ ነው። ባዶ ክብደቱ ሲሊንደሩ ላይ ተቀርጿል። መዝኑትና ቀንሱ። ከጋዙ ከአስር አንድ እጁ ከጎደለ፣ ማለትም ባለ 5 ኪሎው 4 ኪሎ ተኩል ከደረሰ፣ ይሞላ። በዓመት ሁለቴ ብታደርጉት ይበቃል።

ስትጠቀሙበት ጡሩንባውን በባዶ እጅ አትያዙት። ጋዙ ሲወጣ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ይደርሳልና ቆዳ ያቃጥላል። ጠባብና ዝግ ክፍል ውስጥም ረጭታችሁ ወዲያው ውጡ፤ አየሩን ይወስደዋል።

ፒኑ አልነቀል አለ

በድንጋጤ ሰው እጀታውን ጨምቆ ይዞ ፒኑን ይጎትታል። ሲጨመቅ ፒኑ ይታነቃል። እጀታውን ልቀቁ፣ ሲሊንደሩን መሬት አስይዙ፣ ፒኑን ጠምዘዝ አድርጋችሁ ሳቡት። ፕላስቲክ ማሸጊያው ጠፍቶ በሽቦ የታሰረ ካያችሁ ሽቦውን ዛሬውኑ ፍቱት። በጭስ ውስጥ ሽቦ የሚፈታ ሰው የለም።

እሳቱ ጠፋ ሲባል መልሶ ተነሳ

ዱቄት ነበልባል ያጠፋል፣ ነገር ግን አያቀዘቅዝም። ፍራሽ፣ ጥጥ፣ ከሰል፣ የጨርቅ ቦንዳ ውስጡ እየጋለ ይቆያል። ላዩ ነጭ ዱቄት ለብሶ የጠፋ ይመስላል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ይነሳል። የእንዲህ ያለውን ነበልባል በዱቄት ካጠፋችሁ በኋላ በታትናችሁ እስከ ውስጡ ውሃ አጠጡት። ከዚያ በፊት ግን ቆጣሪውን አጥፉ።

ሌላው ምክንያት አረጫጨቱ ነው። ሰው የሚያየው ነበልባሉን ስለሆነ የሚረጨውም ወደ ነበልባሉ ነው። ዱቄቱ በላዩ አልፎ ይሄዳል። መረጨት ያለበት እግሩ ሥር፣ የሚቃጠለው ነገር ላይ ነው። ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቃችሁ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ፣ ግራና ቀኝ እየጠረጋችሁ። መውጫው በርም ከኋላችሁ ይሁን። ባለ 6 ኪሎው የሚቆየው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ገደማ ነው። መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ባለ 1 ኪሎ 10 ሰከንድ ከቆየ ጥሩ ነው። ሞልቶ የተረፈ ጊዜ የለም። አንዱን ጨርሳችሁ እሳቱ ካልጠፋ ውጡና በሩን ዝጉ።

መጥበሻ ላይ የተነሳ የዘይት እሳት ግን ለብቻው ይታይ። ውሃ ከነካው ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ዘይት ጣሪያ ድረስ ይበትነዋል። ዱቄትም ቢሆን በቅርብ ከተረጨ ዘይቱን ያፈናጥረዋል። ምድጃውን አጥፉ፣ ክዳን ከጎን አንሸራታችሁ ድፉበት፣ እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት። ክዳኑን ቶሎ ከፍቶ ማየት ነው ብዙ እጅ ያቃጠለው።

የጋዝ ሲሊንደር አፉ ላይ ሲነድ ደግሞ ከነበልባሉ በፊት መዝጊያው ይታሰብ። እጅ የሚደርስ ከሆነ ዝጉት፣ በራሱ ይጠፋል። ሳይዘጋ ነበልባሉን ብቻ ካጠፋችሁ ጋዙ ክፍሉን ይሞላና ቀጣዩ ብልጭታ ያፈነዳዋል።

ሶኬቱ ይግላል፣ ይሸታል

የብዙ ቤት እሳት እዚህ ይጀምራልና ላልፈው አልችልም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል። ተራ ማራዘሚያ ገመድ ይህን ለአንድ ሰዓት ተኩል አይሸከምም። ሶኬቱ ከጠቆረ ወይም ሲነካ ከጋለ መስመሩ እያስጠነቀቃችሁ ነው። ለምጣዱ የራሱ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ይሳብለት። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ መቀየር፣ ወይም የተቃጠለ ፊውዝን በተራ ሽቦ መተካት፣ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ እንዲነድ መፍቀድ ነው።

የሕንፃው ሆዝ ተዘረጋ፣ ውሃ ግን የለም

ቀዩን ሳጥን ስትከፍቱ ሆዙ አለ። የነሐሱ አፍ ግን ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ተሸጧል። ይህ ቀላሉ ችግር ነው፤ ገዝቶ መግጠምና ሳጥኑን በሚሰበር መስታወት መዝጋት ነው።

ከባዱ ውሃው ነው። ሦስት ነገር ተከታትላችሁ እዩ። መጀመሪያ ዋናው ቫልቭ። አንድ ጊዜ ለጥገና ተዘግቶ የተረሳ ስንት አለ። ቀጥሎ ፓምፑ። እሳት ሲነሳ ሁሉም የሚሮጠው መብራቱን ለማጥፋት ነው። ትክክል ነው። ነገር ግን ፓምፑ ከዚያው ዋና ማጥፊያ በኋላ ከተገናኘ አብሮ ይሞታል። የፓምፑ መስመር ከዋናው ማጥፊያ በፊት ለብቻው መውጣት አለበት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምጥታችሁ ይህን ብቻ ጠይቁት። በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ ይነሳ፤ አለበለዚያ በአስፈላጊው ቀን ባትሪው የለም።

ሦስተኛው ጋኑ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ለመጸዳጃም ለእሳትም አንድ ነው። ሐሙስ ማታ ውሃ አልቆ እሳት ቢነሳ ሆዙ ባዶ ነው። መፍትሄው የቧንቧ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለመጸዳጃ የሚሄደው ቧንቧ ከጋኑ ግርጌ ሳይሆን ከመካከሉ ይውጣ። የእሳቱ ቧንቧ ከግርጌው ይውጣ። ያኔ ነዋሪው «ውሃ አለቀ» ሲል ግማሹ ለእሳት ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ባሠራን ጊዜ አከራዮቹ አጉረምርመው ነበር። አሁን ማንም አያነሳውም።

939 ተደወለ፣ መኪናው ግን ዘገየ

አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የሚገኘው በ939 ነው፤ በነጻ። ሲዘገይ ሠራተኞቹን መውቀስ ይቀናናል። እኔም ወቅሼ አውቃለሁ። ሥራውን በቅርብ ሳየው ግን ብዙው ደቂቃ የሚባክነው እኛው ጋ ነው።

የመጀመሪያው አድራሻ ነው። ብዙ ጊዜ የቤት ቁጥር ብሎ የሚነገር ነገር አይገኝም። «ቶሎ ድረሱ፣ እየነደደ ነው» ተብሎ ስልኩ ይዘጋል። የሰፈሩን ስም፣ የሚታወቅ ምልክት፣ ከአስፋልቱ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ምን እንደሚነድ፣ ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር ተናገሩ። ስልኩን እነሱ ሳይዘጉ አትዝጉ። ይህን መረጃ በትልቁ ጽፋችሁ ጥበቃው ክፍል ለጥፉት። በድንጋጤ ሰው የገዛ ሰፈሩን ስም ይረሳል።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ከተነሱት ችግሮች አንዱ የመንገዱ ጥበት ነበር። ሱቅ በሱቅ ላይ ተደግፎ፣ ሸራ መንገዱ ላይ ተዘርግቶ ትልቅ መኪና የሚያልፍበት የለም። ቦታውን ማስፋት የእናንተ ሥልጣን ላይሆን ይችላል። ሸራውን ማንሳት፣ የቆመ መኪና ማስነሳት፣ ከመስመሩ የወጣ ዕቃ ማስገባት ግን የተራው ነጋዴ በአምስት ደቂቃ የሚያደርገው ነው። ሊያይ የተሰበሰበው ሕዝብም ራሱ መንገድ ይዘጋል።

ሦስተኛው የውሃ ጉዳይ ነው። «መኪናው መጣና ውሃ አለቀበት» ሲባል ሰምታችኋል። ሒሳቡ ይህ ነው። አንድ ሆዝ በደቂቃ 400 ሊትር ቢረጭ፣ 5,000 ሊትር የያዘ መኪና በ12 ደቂቃ ተኩል ይጨርሳል። ሁለት ሆዝ ከተዘረጋ ከ6 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ከዚያ በኋላ ያለው ቦቲ ወይም የመንገድ ዳር ውሃ መቅጃ ነው። መቅጃው ላይ መኪና ቆሞበት ወይም በአሸዋ ተቀብሮ ከሆነ ቦቲው ሩቅ ሄዶ ቀድቶ ይመለሳል። በሰፈራችሁ መቅጃ ካለ የት እንዳለ እወቁት፣ ዙሪያውን አጽዱት። ግቢያችሁ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ወይም ትልቅ ጋን ካለ ሠራተኞቹ እንደደረሱ ወዲያው አሳዩአቸው።

ደውላችሁ እንደጨረሳችሁ ደግሞ አንድ ሰው አስፋልት ዳር ላኩ። ማታ ከሆነ ባትሪ ይያዝ። የግቢውን በር ቁልፍም ይዞ ይሂድ።